ቦርጭ የማን ጥፋት ነው? የውፍረት ፖሊሲያችንን በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስንፈትሸው

ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ፣ ሬዲዮ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ስለ ውፍረት የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «አመጋገብህን አስተካክል፣ ስፖርት ሥራ።» ምክሩ ስህተት የለበትም። ችግሩ ምክር ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሰው ሲወፍር «ሆዱን መግታት ያቃተው» ይባላል፤ ሲከሳ ደግሞ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ይባላል። በሁለቱም ፍርድ የሚታየው ግለሰቡ ብቻ ነው። የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚሄድበት መንገድ፣ ሱቅ ውስጥ የሚያገኘው ነገርና ዋጋው ከነገሩ የሉበትም።

እዚህ የምንተቸው ወፍራም ሰዎችን አይደለም፤ ፖሊሲዎችን ነው። መመዘኛችንም ቀላል ነው። አንድ የጤና እርምጃ በተነገረ ቁጥር ሦስት ነገር እንጠይቅ። ጤናማውን ምርጫ ቅርብ ያደርገዋል? ርካሽ ያደርገዋል? ከአደጋ የጸዳ ያደርገዋል? ይህም በተራ የሥራ ቀን መሆን አለበት። ስለዚህ «የማክሰኞ ፈተና» እንበለው፤ ማክሰኞ በዓልም ዘመቻም ካሜራም የማይበዛበት ቀን ነውና።

የምንፈትነው አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች ነው፦ በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ። በ2015 ዓ.ም የኦሮሚያ ክልል እነዚህንና ሌሎች አጎራባች ከተሞችን በአንድ አስተዳደር ጠቅልሎ ሸገር ከተማን መሥርቷል። እነዚህን የመረጥናቸው ገና እየተሠሩ ስለሆነ ነው። አንድ መንገድ አንዴ ከተሠራ፣ አንድ ሜዳ አንዴ ከታጠረ በኋላ ለመቀየር አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ከተማ ሲሠራ የነዋሪው ወገብም አብሮ ይሠራል ብንል ብዙም አላጋነንን።

ረሃብ ባለበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው?

ብዙ ሰው «የሚበላው ያጣ እያለ ይሄ ምን የሚሉት ወሬ ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ወይም ከልክ በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ይህ ሁለተኛው ቁጥር 3 በመቶ ነበር። አገራዊው አማካይ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። በገጠር 4 በመቶ የሆነው በከተማ 21 በመቶ ነው፤ ከአምስት የከተማ ሴቶች አንዷ ማለት ነው። በ16 ዓመት ውስጥ የሕዝብ ዘረ መል አይቀየርም። የተቀየረው አኗኗሩና አካባቢው ነው።

«ከመጠን በላይ» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? የተለመደው መለኪያ ቢኤምአይ ይባላል። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስደን፣ በሜትር የተለካውን ቁመት በራሱ አባዝተን እናካፍለዋለን። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 75 ኪሎ የሆነ ሰው እንውሰድ። 1.70 በ1.70 ሲባዛ 2.89፤ 75 ለ2.89 ሲካፈል 26 ገደማ ይሆናል። ለአዋቂዎች ከ25 ጀምሮ «ከመጠን በላይ ክብደት»፣ ከ30 ጀምሮ «ከልክ ያለፈ ውፍረት» ይባላል። ለልጆችና ለታዳጊዎች ግን ዕድሜና ጾታን ያገናዘበ ሌላ ሠንጠረዥ ስላለ ራሳችሁን በዚህ ቁጥር አትፍረዱ።

ቢኤምአይ ራሱም ትችት ይገባዋል። ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ የት እንደተከማቸም አይነግረንም። ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያሰጋው በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ነው፤ በእኛ አጠራር ቦርጭ። ለዚህም ነው ሐኪሞች የወገብ ዙሪያንም የሚለኩት። ቢኤምአይ የሕዝብን አዝማሚያ ለማየት ይጠቅማል፤ አንድን ሰው ለመፈረጅ ግን ጎዶሎ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ረሃብና ውፍረት ሁልጊዜ ተቃራኒ አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ጽኑ ረሃብ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ወታደራዊ የሕክምና መዝገቦችን ሲመረምሩ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት የተራቡባቸው ወጣት ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውፍረት ይበልጥ ተጋልጠው አገኟቸው። በችግር ጊዜ የተቀረጸ ሰውነት ጥቂቱን ምግብ ቆጥቦ ለመያዝ የተዘጋጀ ይመስላል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ ያህሉ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። እነዚህ ልጆች አድገው ሥራ ፍለጋ ወደ ገላን ወይም ወደ ሰበታ ሲመጡ የሚጠብቃቸው ርካሽ ዘይትና ስኳር ከሆነ፣ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁለቱንም በሽታ ተሸከመ ማለት ነው። ስለ ውፍረት ማውራት ስለ ረሃብ ከማውራት አይነጠልም።

«ፍላጎት ካለ መንገድ አለ» የሚለው የት ላይ ይሰበራል?

በመጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ። የተለመደ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ስኳር አለው። የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 32 ግራም ይጠጋል፤ በሻይ ማንኪያ ስምንት ያህል። አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ጠቅላላው 128 ኪሎ ካሎሪ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመደበኛ ፍጥነት ሲራመድ በደቂቃ ወደ 3.5 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። 128 ለ3.5 ሲካፈል 37 ደቂቃ ገደማ። በሦስት ደቂቃ የተጠጣውን ለማካካስ ከግማሽ ሰዓት በላይ መሄድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨማሪ ስኳር የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። አንዲት ጠርሙስ ብቻዋን ታልፈዋለች።

«ታዲያ አለመጠጣት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ጥናቶች እንመልከት።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። 20 ሰዎች በተቋሙ ውስጥ እየኖሩ ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ የፋብሪካ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር (ፋይበር) በሁለቱም ወቅት እንዲመጣጠን ተደርጓል። የሚፈልጉትን ያህል እንዲበሉ ተነገራቸው። ውጤቱ ምን ሆነ? የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም ወደ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ፍላጎታቸውም ያው። የተለወጠው ፊታቸው የቀረበው ሳህን ነው። ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው፤ ምግቡም የአሜሪካ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። ያሳየን መርህ ግን ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው ስለ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች፣ በድሃ ሰፈሮች በመንግሥት ቤት የሚኖሩ 4,498 ልጆች ያሏቸው ሴቶች ዕጣ ወጣላቸው። ለአንዳንዶቹ ድህነት ወደማይበዛበት ሰፈር መዛወሪያ የቤት ኪራይ ድጋፍ ደረሳቸው፤ ለሌሎቹ አልደረሳቸውም። «ክብደት ቀንሱ» ያላቸው ሰው የለም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሲለኩ፣ የመዛወሪያው ዕጣ በደረሳቸው ሴቶች ዘንድ እጅግ የከፋው ውፍረት (ቢኤምአይ 40ና በላይ) ከ100 ሴቶች በ3 ያህል አንሶ ተገኘ። ስኳር በሽታም ቀንሷል። ዕጣ የፍላጎትን ልዩነት ስለሚያጠፋ ለውጡን ያመጣው ሰፈሩ ነው ለማለት ያስደፍራል።

አውራ ጎዳና ላይ የተሰኩ ከተሞች

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ካርታ አውጡና እዩ። ገላን በአሮጌው የአዳማ መንገድ ላይ ናት፣ ሰበታ በጅማው፣ ቡራዩ በአምቦው፣ ሱሉልታ በጎጃሙ። አራቱም ከዋና ከተማዋ በሚወጡ አውራ ጎዳናዎች ላይ እንደ ጨሌ ተሰክተው ያደጉ ናቸው። ይህ ለንግድ ጠቅሟቸዋል። ለእግረኛ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ የከተማው ዋና ጎዳና ከባድ መኪና የሚያልፍበት የአገር አቋራጭ መንገድ ነው። በገላን በኩል የሚያልፈው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በአጥር የታጠረ ነው። ለመኪና ትልቅ እፎይታ ነው፤ በግራና በቀኙ ለሚኖር ሰው ግን ማዶ ለመሻገር መሻገሪያው ባለበት መዞር ነው።

ሰበታም ሌላ ገጽታ አላት። ቢራ ፋብሪካ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የኮካ ኮላ አምራቹ አዲስ ትልቅ ፋብሪካ ተመርቆባታል። በዚያችው ሰበታ ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም አለ። ዙሪያዋም ሆነ የሱሉልታ ዙሪያ ለአዲስ አበባ ወተት የሚቀርብበት አካባቢ ነው። ወተትና ለስላሳ፣ የዓሣ ምርምርና ቢራ ጎን ለጎን ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ ሥራ ይፈጥራሉ፤ ይህን ማናናቅ አይገባም። ጥያቄው ከነዚህ መካከል የትኛው ነው እያንዳንዱ ሱቅ በር ላይ በቀዝቃዛ ፍሪጅ ውስጥ የሚጠብቀን የሚለው ነው።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ። ከፍታዋ ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነ የዓለም ምርጥ ሯጮች ይሠለጥኑባታል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ አስገንብቶባታል፤ ያያ ቪሌጅ የሚባለው የአትሌቶች መንደርም እዚያው ነው። አንድ አካባቢ የዓለም የሩጫ ዋና ከተማ ሊባል ደርሶ ሳለ፣ የአካባቢው ተማሪ ኳስ የሚጫወትበት ክፍት ሜዳ ከሌለው ስፖርት ባህላችን ነው ማለት አይቻልም፤ ስፖርት ጥቂቶች የሚሠሩት፣ ብዙዎች የሚያዩት ሙያ ሆነ እንጂ።

አራት ፖሊሲዎች በማክሰኞ ፈተና

*አንደኛ፦ የአመጋገብ መመሪያ።* የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም አገራዊ የአመጋገብ መመሪያ ይፋ አድርጓል። አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ ብሉ፤ ስኳር፣ ጨውና ቅባት ቀንሱ ይላል። ይዘቱ ጥሩ ነው፤ ሽሮና ምስር ወጥን፣ ጎመንን የመሰለውን የራሳችንን ገበታ መነሻ ማድረጉም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በተሠራ አገራዊ ጥናት ከ97 በመቶ በላይ የሚሆኑ አዋቂዎች የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ አይበሉም። ይህን ያህል ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው? ዋጋውን እንይ። የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 የነበረውን የኢትዮጵያ ገበያ መርምረው፣ የዋጋ ንረት ከተቀነሰ በኋላ እንኳ አትክልትን፣ እንቁላልን፣ ወተትን የመሰሉ አልሚ ምግቦች እንደተወደዱ፣ ዘይትና ስኳር ግን እንደረከሱ አሳይተዋል። መመሪያው «ይህን ብሉ» ሲል ገበያው «ያንን ብሉ» ይላል። ወር ሙሉ የሚሰማው የገበያው ድምፅ ነው። መመሪያው ለብቻው ፈተናውን አያልፍም።

*ሁለተኛ፦ መንገድ ለሰው።* ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም በተጀመረው መርሐ ግብር በወሩ የመጨረሻ እሑድ አንዳንድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሰው ሲሮጥበት፣ ሲዘልበት፣ ብስክሌት ሲነዳበት አይተናል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ መንገድ የመኪና ብቻ እንዳልሆነም አስተምሯል። ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ታደርጋለች። የእሷ ግን በየሳምንቱ እሑድና በበዓላት፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሸፍን መንገድ ነው። የእኛ በወር አንዴ ከሆነ በዓመት 12 ቀን ነው፤ ቀሪው 353 ቀንስ?

ደግሞ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው። ሕዝባችን መራመድ ያቃተው ሕዝብ አይደለም፤ የሚራመድበት ያጣ ሕዝብ ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት የከተማዋ ሰዎች አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። እናት ልጇን ለአምስት መቶ ሜትር መንገድ በባጃጅ የምትልከው ልጁን ስላቀበጠችው አይደለም፤ መኪና እንዳይገጭባት ፈርታ ነው። አቅም ሲገኝ መኪና የሚገዛውም በከፊል ለዚሁ ነው። እናም መራመድ የድህነት ምልክት ሆኖ ይቀራል። ፍርዳችን፦ እሑድ አልፏል፣ ማክሰኞ ወድቋል።

*ሦስተኛ፦ የኤክሳይስ ታክስ።* በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በለስላሳ መጠጦች ላይ 25 በመቶ ጥሏል። በቀድሞው አዋጅ 40 በመቶ ነበር። «ቀነሰ ማለት ነው?» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የቀድሞው የሚሰላው በማምረቻ ወጪ ላይ፣ አዲሱ ግን በፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ላይ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች እንዲሁ ማወዳደር ያሳስታል። ትልቁ ትችት ሌላ ነው። ታክሱ የሚከተለው ዋጋን ነው፤ የስኳሩን ግራም አይደለም። በ100 ሚሊ ሊትር 4 ግራም ስኳር ያለው መጠጥና 11 ግራም ያለው መጠጥ ዋጋቸው እኩል ከሆነ ታክሳቸውም እኩል ነው። አምራቹ ስኳሩን ቢቀንስ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

እንግሊዝ ያደረገችው ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው ቀረጧ እርከን አለው። በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ያለው ነፃ፣ ከ5 እስከ 8 ግራም ያለው መካከለኛ፣ ከ8 በላይ ያለው ከፍተኛ ይከፍላል። ብዙ ፋብሪካዎች ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ጀምሮ ስኳራቸውን ቀነሱ። ጠጪው ምንም ሳይወስን መጠጡ ተሻሻለ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት ከ4 ግራም በላይ ባለው እያንዳንዱ ግራም ላይ የሚሰላ ቀረጥ ጀምራለች። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በሊትር አንድ ፔሶ ስትጥል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የለስላሳ ግዢ በአማካይ 7.6 በመቶ ገደማ ቀንሷል። «ታክስ ድሃን ይጎዳል» የሚለው ተቃውሞ ቀልድ አይደለም፤ መልሱም ከታክሱ የሚገኘው ገንዘብ ድሃው ሰፈር ውስጥ ንጹሕ ውሃ፣ ሜዳና የትምህርት ቤት ምግብ ሆኖ ሲመለስ ነው። የእኛ ታክስ ፈተናውን በግማሽ አልፏል እንበል።

*አራተኛ፦ ስኳርና ፓልም ዘይት።* ይሄኛው በጤና ፖሊሲ ስም አይጠራም፤ ግን ነው። መንግሥት ለዓመታት ፓልም ዘይትና ስኳር በተመጣጣኝ ዋጋ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲያከፋፍል ቆይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኑሮ ውድ ነው፣ ሰውም ዘይት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ከፓልም ዘይት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው የሚረጋ ቅባት ነው። በአንድ እጅ ጤና ሚኒስቴር «ቅባትና ስኳር ቀንሱ» ሲል በሌላው እጅ መንግሥት ከምግቦች ሁሉ መርጦ እነዚህኑ ያረክሳል። ድጎማው ይቁም አንልም፤ ኑሮ ላይ ቀልድ የለም። የምንለው ከድጎማው ከፊሉ ለምን ለምስር፣ ለሽምብራ፣ ለባቄላና ለተሻለ ዘይት አይሆንም ነው። ለጊዜው ይህ ፖሊሲ ፈተናውን በተቃራኒው አልፏል፦ ጤናማ ያልሆነውን ቅርብና ርካሽ አድርጓል።

ፈተናውን የሚያልፍ ምን ይመስላል?

መተቸት ብቻ እንዳይሆንብን በአራቱ ከተሞች ሊሠራ የሚችለውን እንዘርዝር።

መንገድን በተመለከተ አሁን በየቦታው የሚካሄደው የኮሪደር ልማት ዕድል ነው። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በተጠናቀቁ ቦታዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ታይቷል፤ ይህ ማክሰኞም ረቡዕም የሚያገለግል ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልንጠይቅ ይገባል። አንደኛ፣ መንገዱ ለፎቶ ነው ወይስ ትምህርት ቤትን፣ ጤና ጣቢያንና ፋብሪካን ያገናኛል? የገላን ፋብሪካ ሠራተኛ ማታ ከሥራ ሲወጣ መብራት ያለው መንገድ ያገኛል? ሁለተኛ፣ በልማቱ ምክንያት የተነሡት ሰዎችና ነጋዴዎች የት ሄዱ? ሰው ከሥራው ርቆ ከሰፈረ የሚራመደው ቀርቶ ሁለት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ጉልት ነው። ጉልት ላይ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች በደንብ አስከባሪ ሲባረሩ እናያለን። ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ግን የለስላሳ ማስታወቂያ የተቀባ ግድግዳና ፍሪጅ ይዞ በሰላም ይሠራል። ከጤና አንጻር ይህ የተገለበጠ ነው። ጉልት ማለት አትክልትን ከቤት በአምስት ደቂቃ ርቀት፣ በትንሽ ብር፣ በመደብ የሚያቀርብ ሥርዓት ነው። ሌሎች አገሮች ይህን ለመፍጠር በጀት ይመድባሉ፤ እኛ ያለንን እናባርራለን። ጥላ፣ ውሃና ቋሚ ቦታ ብቻ ቢሰጠው ለውፍረት መከላከል ከብዙ ዘመቻ ይበልጣል።

ሦስተኛው የትምህርት ቤት ዙሪያ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው ወይም ቅባት የበዛበት ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች፤ እነዚህ ምግቦች ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጡና ለልጆች እንዳይተዋወቁም ከለከለች። ከዚያ በኋላ ምልክቱ የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዢ በ24 በመቶ ገደማ ቀንሷል። «ይሄ እኛ ጋ አይሆንም» ለሚል ሰው መልስ አለን። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል። ያኔም ብዙ ሰው አይሆንም ብሎ ነበር፤ ሆነ።

የመጨረሻው ሜዳ ነው። በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ክፍት ሜዳ ካርታ ላይ ተለይቶ ለግንባታ እንዳይሰጥ በሕግ ቢጠበቅ ወጪው ትንሽ ነው። ሜዳው ከጠፋ በኋላ ግን በሰፈሩ መሐል መልሶ ማግኘት የማይታሰብ ነው። ሴቶች ልጆችም ሊጠቀሙበት ይገባል። ሜዳው ጨለማና ስድብ የሚበዛበት ከሆነ ለግማሹ ሕዝብ እንደሌለ ይቆጠራል።

እስኪ እናንተም ፈትሹት

ይህን ሁሉ አምናችሁ ዝም እንድትሉ አንፈልግም፤ ለኩት። ከትምህርት ቤታችሁ በር ተነሥታችሁ በአራቱም አቅጣጫ 500 ሜትር ሂዱ። አዋቂ ሰው በመደበኛ ርምጃ 700 ያህል ጊዜ ሲራመድ ማለት ነው። በወረቀት ላይ አምስት ነገር ቁጠሩ፦ ለስላሳ የሚሸጡ ቦታዎች፣ ፍራፍሬ ወይም አትክልት የሚሸጡ ቦታዎች፣ ነፃ የመጠጥ ውሃ የሚገኝባቸው ቦታዎች፣ የለስላሳና የጣፋጭ ማስታወቂያዎች፣ እንዲሁም ዜብራ ያለባቸው ማቋረጫዎች። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ለስላሳና አንድ ኪሎ ሙዝ ስንት እንደሆኑ ጽፋችሁ አወዳድሩ። አንድ ጓደኛችሁ ለብቻው እንዲቆጥር አድርጉ፤ የሁለታችሁ ቁጥር ካልተቀራረበ አቆጣጠራችሁን አስተካክሉ። ተመራማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቁጥሩን ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወላጅ ኮሚቴ ወይም ለወረዳው ብትወስዱት «ልጆች ስፖርት ይሥሩ» ከሚል ንግግር የተሻለ ክብደት ይኖረዋል። ምክንያቱም ጥያቄው ይቀየራል፤ «ይህ ልጅ ለምን ወፈረ?» መባሉ ይቀርና «በዚህ በር ፊት ለፊት አሥራ አምስት ቦታ ለስላሳ፣ አንድ ቦታ ብቻ ፍራፍሬ የተገኘው ለምንድን ነው?» መባል ይጀምራል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ልጁ እንዲመልስ ነው የሚጠበቀው። ሁለተኛውን የሚመልሰው ግን ከተማውን የሚሠራው አካል ነው፤ ሸገር ደግሞ ገና እየተሠራ ነው።